የሕገ መንግሥቱ መብቶች በገበሬ ማኅበር ደጃፍ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ገጠር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ ሌላው ባለበት መቆም ነበረበት። ተጣዪዎቹ ነጠላቸውን አጣምረው በማሰር በአቅራቢያው ያገኙትን ትልቅ ሰው «ዳኘን» ይሉታል፤ እርሱም እንቢ ማለት አይችልም ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው አባባል የሚያስረዳው ይህንኑ ልማድ ነው። ገበሬው ሕግን ያከበረው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ከመኖሩ አስቀድሞ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ «በሕግ አምላክ» ለሚል ሰው መልሱ በጽሑፍ ተቀምጧል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ ከጠቅላላ 106 አንቀጾቹ ውስጥ 32ቱን፣ ማለትም ከአንቀጽ 13 እስከ አንቀጽ 44 ያሉትን፣ ለዜጎች መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች መድቧቸዋል። ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ በደል ሲደርስበት በመጀመሪያ የሚቆመው በአዲስ አበባ ባለው ትልቅ ፍርድ ቤት ፊት አይደለም፤ በቀበሌው ሊቀመንበር ደጃፍ ነው። የሕገ መንግሥቱም ቃል ተከበረ ወይም ተጣሰ የሚባለው በመጀመሪያ እዚያው ነው።

እንደሚታወቀው የገጠሩ ቀበሌ በብዙ ሥፍራ ዛሬም በቀድሞ ስሙ የገበሬ ማኅበር እየተባለ ይጠራል። የማኅበሩ መሪ ይዞታ ያረጋግጣል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሚሊሺያ ይልካል፤ ማዳበሪያ ሲመጣ ስም ዝርዝር ይይዛል፤ ለዕርዳታ ይመዘግባል፤ ለእርከን ሥራ ሕዝብ ይጠራል። እነዚህ ስድስት ተግባሮች ሁሉ የዕለት ሥራ ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው አንድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ይነካሉ። አንቀጽ 13 መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ የተጣለባቸው በማንኛውም ደረጃ ያሉ የመንግሥት አካላት ናቸው ይላል። «በማንኛውም ደረጃ» የሚለው ቃል ቀበሌን ይጨምራል። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ የማኅበር መሪዎች በየዕለቱ በእጃቸው የሚይዟቸውን መብቶች አንድ በአንድ ለማስታወስ ተዘጋጅቷል።

የኋላው መንገድ

አገራችን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በ1923 ዓ.ም. ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕዝብ መብቶች ዝርዝር ሰፋ ብሎ ተጻፈ። ዳሩ ግን የንብረት መብት የሚለው ቃል የባለ ርስቱን መሬት አስከበረ እንጂ ጢሰኛውን ከመነቀል አላዳነውም። ጢሰኛው እኩል ወይም ሲሶ እየከፈለ፣ በባለ መሬቱ ፈቃድ የሚኖር ሰው ሆኖ ቆየ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ በ1957 ዓ.ም. በተማሪዎች ሰልፍ በአደባባይ የተሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጢሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው አካባቢ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። መሬት የማከፋፈሉም ሆነ በአካባቢ ክርክር የመዳኘቱ ሥራ በገበሬው ማኅበር እጅ ገባ። ገበሬው ለብዙ ዘመን ያላገኘውን መሬት አገኘ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን መሬት ማግኘትና መብት ማግኘት አንድ አልሆኑም። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዜጎችን እኩልነትና ነጻነት በዝርዝር አስፍሮ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ገበሬው እህሉን መንግሥት በወሰነው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ በመንደር ምሥረታና በሠፈራም ሳይወድ ቤቱን ያፈረሰ፣ ቀዬውን የለቀቀ ብዙ ነው። የእህሉ ኮታ የቀረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ፖሊሲ ከተለወጠ በኋላ ነው። እነዚህን ትእዛዞች በየቤቱ እየዞረ ያስፈጸመው ማን ነበር? ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሳይሆን የገበሬው ማኅበር አመራር ነበር። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በወረቀት ላይ የሠፈረ መብት በአፈጻጸም ጊዜ የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ ለገበሬው ጎተራ አንድ ቁና እንኳ አይጨምርለትም።

መሬትና ከመሬት ያለመነቀል ዋስትና

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ስለ መሬት የሚናገረው ቃል የገጠሩን ሕዝብ ከሁሉ በላይ የሚመለከት ነው። መሬት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚሁ አንቀጽ ግን ገበሬው መሬት ያለ ክፍያ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። ከብት አርቢው ደግሞ ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ተሰጥቶታል።

ብዙ ጊዜ «መሬቱ የመንግሥት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ተነጥሎ ይነገራል። ይህን የሚል የማኅበር መሪ የአንቀጹን ግማሽ አንብቦ ግማሹን ትቶታል ማለት ነው። ገበሬው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት፣ የተከለው ባሕር ዛፍና ጌሾ፣ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የካበው እርከን የራሱ ናቸው። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ እንኳ ለዚህ ሀብቱ ተመጣጣኝ ካሣ ሊከፈለው ይገባል፤ ካሣውም በቅድሚያ እንዲከፈል ሕገ መንግሥቱ አዟል። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው የገንዘብ ወይም ሌላ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት፣ በበቂ ድጋፍ ሌላ ሥፍራ የመሥፈርም መብት አለው። ዝርዝሩ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ተመልክቷል።

የገጠር መሬት አስተዳደርን የሚመለከተው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የመሬት ሕግ አላቸው። የገበሬው የመጠቀም መብት የጊዜ ገደብ የሌለው መሆኑ በ1997ቱ አዋጅ በግልጽ የተቀመጠ መሠረታዊ ነገር ነው።

ታዲያ የማኅበር መሪ ድርሻ ምንድን ነው? መንገድ ሊወጣ ነው፣ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ ከተማው ሊሰፋ ነው ተብሎ ሲነገር፣ መሪው ወሬውን በሆዱ ይዞ ሰነባብቶ ቀያሾች ሲደርሱ ብቻ ገበሬውን የሚጠራ ከሆነ መብቱን አሳልፎ ሰጥቷል። አንቀጽ 43 ሕዝቡ አካባቢውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በመሆኑም መሪው ወሬው እንደደረሰው ስብሰባ ሊጠራ፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ዛፍ፣ አጥር፣ ጉድጓድና ሰብል በፊቱ አስቆጥሮ ሊያስመዘግብ፣ የመዝገቡንም ግልባጭ ለባለቤቱ ሊሰጥ ይገባል። በግምቱ ያልተስማማ ሰው የአቤቱታና የይግባኝ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ነገር ግን የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን ያሳለፈ ሰው መብቱንም ሊያጣ ይችላል። ይህን አስቀድሞ መንገር የመሪው ሥራ ነው።

ባሏ የሞተባት እናት

በየማኅበሩ የሚያጋጥም አንድ ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ይሞታል። ተዝካሩ ሳይወጣ ወንድሞቹ መጥተው «ይህ የአባታችን መሬት ነው፤ እርስዋ ከሌላ አገር የመጣች ናት፤ ወደ ዘመዶችዋ ትሂድ» ይላሉ። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ይመጣሉ። ሊቀመንበሩ የሟቹ ወንድም የክርስትና አባት ወይም የዕድር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ሴቲቱ ደግሞ ሁለት ልጆች ይዛ በር ላይ ቆማለች።

በዚህች ቀን ሕገ መንግሥቱ ያለው በሊቀመንበሩ ምላስ ላይ ነው። አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በተለይም በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ቁጥጥር ከወንዶች ጋር እኩል እንደሆኑ፣ በውርስም እኩል እንደሚስተናገዱ ይደነግጋል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በሚሰጥበት ጊዜ በብዙ ክልሎች የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ እንዲለጠፍ የተደረገው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሊቀመንበሩ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «የማን ዘር ናት?» የሚል ሊሆን አይገባም፤ «ደብተሩ ምን ይላል?» ነው መባል ያለበት።

የሽምግልና ነገር ሲነሣ አንድ የሚያሳስብ ጉዳይ አለ። ሽምግልና የቆየ ባህላችን ነው፤ ብዙ ደም አድርቋል፤ ሕገ መንግሥቱም አልከለከለውም። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታይ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ወገን ሳይስማማ በሃይማኖት ፍርድ ቤት የተሰጠ ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ ባሏ የሞተባት እናት «እኔ ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ» ካለች፣ «ሽማግሌ የናቀች» ተብላ ልትወቀስ አይገባትም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የልጃገረዶች ጉዳይ ነው። ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ሕገ መንግሥቱ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል፤ ጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣሉ። የሠርግ ድንኳን ሲተከል የማኅበር መሪ ተጋብዞ በላይኛው ወንበር እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ሙሽራዪቱ የ13 ዓመት ልጅ ከሆነች ግን በዚያ ወንበር መቀመጡ ራሱ ጥፋት ይሆናል።

ማሰር የማን ሥልጣን ነው?

በብዙ ቀበሌ አንድ ክፍል ቤት አለች። አንዳንድ ጊዜ የዘር ማከማቻ፣ አንዳንድ ጊዜ የማዳበሪያ መጋዘን ትሆናለች። የጠፋ በሬ ሲገኝ፣ ሁለት ሰው በጠላ ቤት ሲደባደብ፣ ገበሬ ግብር ሲያዘገይ፣ ሰው ተይዞ «እስኪነጋ» የሚገባባትም እርስዋው ናት። የነጋ ዕለት ሊቀመንበሩ ገበያ ሄዷል፤ በማግሥቱ በዓል ነው፤ ሰውየው እዚያው ይቀራል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 መሠረት ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን ሊያጣ አይችልም። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው። ጥፋቱን እንዲያምን ሊገደድ አይችልም፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይቀርብበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ ከዚህ ሰዓት ላይ የሚቀንሰው ከተያዘበት ሥፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። የገበያ ቀን ነው፣ ሊቀመንበሩ የለም፣ ቁልፉ ጠፍቷል የሚል ምክንያት አልተጻፈበትም።

ስለዚህ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛ ቢኖር የማኅበሩ ሥራ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። የያዘበትን ቀንና ሰዓት በደብተር መጻፍ፣ ምስክሮችን መመዝገብ፣ ለቤተሰቡ ማስታወቅ ለመሪው ራሱ መከላከያ ይሆነዋል። የተያዘውን ሰው መምታትና ማዋረድ በአንቀጽ 18 በፍጹም የተከለከለ ነው፤ ሕግን ሳይከተሉ ሰው ማሰርም በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። ሚስቱ ምግብ ይዛ ስትመጣ መመለስ አይገባም፤ በአንቀጽ 21 መሠረት የተያዘ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹና ወዳጆቹ እንዲጎበኙት መብት አለው። የቤት ፍተሻም እንዲሁ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍተሻ በመደበኛው አሠራር በፍርድ ቤት ማዘዣና ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲፈጸም ይደነግጋል። በሌሊት የሰው በር ማንኳኳት የማኅበር መሪ ሥልጣን አይደለም።

የማዳበሪያ ዕዳ ነገር በተለይ ሊነሣ ይገባዋል። ዝናብ ቀርቶበት ወይም ተምች በልቶበት ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ በቀበሌ የታሰረበት ጊዜ በአገራችን ታይቷል። ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ የሚወሰነውም በፍርድ ቤት ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፣ የውል ግዴታውን መወጣት ባለመቻሉ ብቻ ማንም ሰው እንዳይታሰር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ያሉትን አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል።

«የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ከሆነስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች መታወጃቸው ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዳንድ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። ነገር ግን አንቀጽ 93 ከማይነኩት መካከል ሰብአዊነት የጎደለው አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ንና የእኩልነትን አንቀጽ 25ን አስቀምጧቸዋል። መድፍ በሚጮኽበትም ቀን ቢሆን የታሰረን ሰው መደብደብ አይፈቀድም።

የልማት ሥራና የሕዝብ ፈቃድ

በጥርና በየካቲት ወር የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር በየሸንተረሩ የአካፋና የዶማ ድምፅ ይሰማል። በትግራይ፣ በወሎ፣ በሸዋና በሐረርጌ በዚህ ሥራ የተራቆተ ተራራ መልሶ ልብስ የለበሰበት፣ የደረቀ ምንጭ የፈለቀበት ሥፍራ አለ። ጥቅሙ አያጠራጥርም። ጥያቄው የሚነሣው በአሠራሩ ላይ ነው።

አንቀጽ 18 ሰውን በግዳጅ ማሠራትን ይከለክላል። ከዚያም የግዳጅ ሥራ የማይባሉትን ሲዘረዝር፣ ሕዝቡ በአካባቢው በፈቃዱ የሚያከናውነውን የልማት ሥራ ይጠቅሳል። እንግዲህ በሕጉ ፊት በልማትና በግዳጅ መካከል ያለው ድንበር «ፈቃድ» የምትለው አንዲት ቃል ናት። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ የሥራውን ቀንና ዓይነት መክሮ፣ ስለ ሕመምተኛው፣ ስለ አራሷና ስለ አረጋዊው ተነጋግሮ የወሰነው ሥራ በሕዝብ ፈቃድ የተሠራ ነው። ትእዛዙ ከላይ ወርዶ፣ ያልመጣ ሰው ማዳበሪያ ይከለከላል፣ ማኅተም አይመታለትም ተብሎ የሚሠራ ሥራ ግን ስሙ ልማት ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ የፈቀደው ዓይነት አይደለም። ልምድም የሚያሳየው በግድ የተካበ እርከን በማግሥቱ ክረምት ሲፈርስ የሚያነሣው እንደሌለ ነው።

ዕርዳታ፣ ማዳበሪያና የእህል ዋጋ

አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ ከማይለያዩባቸው ነገሮች መካከል ብሔርን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትንና ፖለቲካን ጠቅሷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ ሲመረጥ፣ የዕርዳታ ስንዴ ሲታደል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲከፋፈል መመዘኛው የቤተሰቡ ችግርና የመሬቱ ስፋት እንጂ የአባወራው የፓርቲ አባልነት፣ የሃይማኖቱ ዓይነት ወይም በስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል ሊሆን አይችልም። አንቀጽ 29 ሰው የመሰለውን አመለካከት ያለ ጣልቃ ገብነት እንዲይዝ ፈቅዷል። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ ነገር አልጣመኝም» ያለ ገበሬ ጠላት አይደለም፤ መብቱን የተጠቀመ ዜጋ ነው። ዝርዝሩን በግልጽ ሥፍራ መለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችሉትም በስብሰባ ላይ ጮኾ ማንበብ ሐሜትንም በደልንም ያስቀራል።

ብዙ ገበሬ የማያውቀው ሌላ መብት በአንቀጽ 41 ተጽፏል። ገበሬዎችና ዘላን ከብት አርቢዎች ለምርታቸው ተገቢ ዋጋ የማግኘት፣ ከአገሪቱም ሀብት ባዋጡት መጠን ተመጣጣኝ ድርሻ የማግኘት መብት አላቸው። አንቀጽ 42 ደግሞ ገበሬዎች ኑሯቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይገልጻል። መሪው ዋጋ መወሰን አይችልም፤ ነገር ግን የከተማውን የገበያ ዋጋ ጠይቆ ማሳወቅ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ትክክል መሆኑን ማስመርመር፣ ገበሬው እህሉን ለፈለገው ሰው እንዳይሸጥ መንገድ የሚዘጋ ቢኖር መቃወም ይችላል። ያ የኮታ ዘመን በገበሬው ጎተራ ላይ ያደረሰውን የሚያስታውሱ አዛውንት በየመንደሩ አሉ፤ እነርሱን መጠየቅ ይበቃል።

አቤት የሚባለው ወዴት ነው?

አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ያለ አግባብ የታሰረን ሰው ቤተሰቡ አካሉ ነጻ እንዲወጣ በፍርድ ቤት ሊያመለክትለት ይችላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋሙት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላሉ። አንድ ሕግ ወይም ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ክርክር ሲነሣ ደግሞ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመርምሮ የመጨረሻው ትርጉም በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሰጣል።

ይህ ሁሉ መንገድ ቢኖርም ከገጠር ተነሥቶ ወረዳ ከተማ ደርሶ መመለስ ለደሀ ሰው የሁለት ቀን ሥራ፣ የመጓጓዣና የስንቅ ወጪ መሆኑ አይረሳም። በዚህ ላይ «በእኔ ላይ ልትከስ ነው?» ብሎ የሚያስፈራራ፣ ወይም ለአቤቱታ የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ደብዳቤ የሚከለክል መሪ ካለ፣ በሩ ሁለት ጊዜ ተዘጋበት ማለት ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ሆነ ተመራጭ እንዲጠየቅ ያዛል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል።

ወንበሩ ተዘዋዋሪ ነው

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል የቆየ ተረት አለ። ይህ ተረት ብዙ መንደር አፍርሷል። የገጠሩ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሌላ ቁጭት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ መሬት ያልነበራቸው ሴቶችና ወጣቶች መሬት ማግኘታቸው እውነት ነው። በዚያው ድልድል ደግሞ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» የሚል ስም ተሰጥቷቸው፣ እንዲይዙ የተፈቀደላቸው መሬት ከሌላው ገበሬ ያነሰ ሆነ። ከመካከላቸው በሕዝብ ላይ የበደሉ ነበሩ፤ ሕዝብ መርጧቸው በቅንነት ያገለገሉም ነበሩ። ጥፋታቸው ግን እያንዳንዱ በፍርድ ቤት ተከስሶ፣ ተከራክሮ የተለየ አልነበረም። ትናንት በማኅበሩ ወንበር ተቀምጠው የሌላውን አቤቱታ ያዳምጡ የነበሩ ሰዎች በአንድ ክረምት ራሳቸው አቤት ባይ ሆኑ።

ይህን ያነሣነው የማንንም ቁስል ለመነካካት አይደለም። የማኅበር መሪነት ጊዜያዊ ነው፤ ገበሬነት ግን ይቀጥላል። መሪው ከወንበሩ ወርዶ ወደ ሞፈሩ ሲመለስ የሚቀረው መከላከያ ይኸው አንቀጽ 40፣ ይኸው አንቀጽ 19፣ ይኸው አንቀጽ 25 ነው። በሥልጣኑ ዘመን ለባሏ የሞተባት እናት ያላከበረው አንቀጽ በራሱ ቀን ሊያከብርለት የሚችልበት ልማድ አይኖረውም። ያከበረው እንደሆነ ግን ተተኪው ሊጥሰው ቢፈልግ እንኳ ሕዝቡ «እንዲህ ያለ ነገር በማኅበራችን ተደርጎ አያውቅም» ይለዋል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አንድ ቀላል ነገር ቢጀምሩ መልካም ነው። የሕገ መንግሥቱን መጽሐፍ አንድ ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ያኑሩ። በየስብሰባው መጀመሪያ፣ የወረዳው መልእክት ከመነበቡ በፊት፣ አንድ አንቀጽ ብቻ ፊደል የቆጠረ ወጣት እንዲያነብ ያድርጉ፤ ሕዝቡም በራሱ ቋንቋ ይወያይበት። መብቶቹን የያዘው ምዕራፍ 32 አንቀጾች ስላሉት በወር አንድ ስብሰባ ቢደረግ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በመጋዘኗ በር ላይም «48 ሰዓት» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ።

በዚያን ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው ድምፁ ወረዳ ከተማ እስኪደርስ አይጠብቅም። የሚሰማው ሰው በራሱ ማኅበር፣ በራሱ ሊቀመንበር ደጃፍ ያገኛል።